ፋብሪካን በጨርቅ መሥራት

የእጅ ሥራ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ የአልጋና የትራስ ልብስ መገጣጠም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የፋብሪካ ሥዕልም እወዳለሁ፤ የጭስ መውጫ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ወደ ሥራ የሚተም ሠራተኛ ያለበትን ሥዕል ሳይ ዐይኔ ከዚያ ላይ አይነሳም። አሁን ሁለቱን አገናኝቼ፣ ከደሴ ሲወረድ ከሐረጎ ላይ ቁልቁል የሚታየውን የኮምቦልቻን የፋብሪካ ሰፈር በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጨርቅ ሥራ ላደርገው አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ሐይቅንና ላሊበላን ትተሽ ከፋብሪካ ምን ውበት አገኘሽ?» ይሉኛል። ፋብሪካ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመጥናል? የሚመጥን ከሆነስ ከምን ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ይመጥናል። የሐይቅና የላሊበላ ሥዕል በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ የኮምቦልቻን ጣሪያዎች ሥዕል ግን እኔ በበኩሌ የትም ተሰቅሎ አላየሁም፤ ይህ ብቻውን ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው።

ፋብሪካን መሳል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። ፊሊፕ ዣክ ደ ሉተርቡርግ እ.ኤ.አ. በ1801 በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የኮልብሩክዴልን የብረት ማቅለጫ በሌሊት ሲሥል ሰማዩን በእቶኑ ነበልባል አቅልቶታል። ጀርመናዊው አዶልፍ ሜንትሰል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1875 በሠራው ሥዕል ከብረት ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ፣ በጋለው ብረት ዙሪያ የሚታገሉትን ሠራተኞች አሳይቷል። ለእርስዎ ሐሳብ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እንግሊዛዊው ኤል. ኤስ. ላውሪ (1887–1976) ይመስለኛል። ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1909 ከወላጆቹ ጋር ወደ ፔንድልበሪ፣ ማለትም በማንቸስተር አጠገብ ወዳለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ሲዛወር ቦታውን አጥብቆ ጠልቶት ነበር። ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በ1916 አንድ ቀን ባቡር አምልጦት ከጣቢያው ቆሞ ሳለ ከጥጥ ፋብሪካው የሚፈሰውን ሠራተኛ አየና ያን ጊዜ ሰፈሩ ለሥዕል እንደሚሆን ገባው። ቤተሰብዎ ዛሬ የሚሉትን ላውሪም ለዓመታት ሲለው እንደኖረ ይንገሯቸው።

ከዚህ ሠዓሊ ሁለት ነገር ይውሰዱ። አንደኛው የቀለም ቁጥብነቱ ነው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ደማቅ ቀይ፣ የፕራሻ ሰማያዊና የአፈር ቢጫ የሚባሉትን አምስት ቀለሞች እያደባለቀ ሥራውን ሁሉ ሠርቷል። በጨርቅ ሥራ ላይ ይህ ቁጥብነት ከሥዕል ይልቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጨርቅ እንደ ቀለም አይደባለቅም፤ የለቀሙትን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ካዋሉት አበባው፣ ነጥቡና መስመሩ እርስ በርሱ እየተሻማ ፋብሪካው ከመሃል ይጠፋል። ሁለተኛው የነጭ መደቡ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሎቹ እጅግ ጨልመው ስለነበር አንድ መምህሩ መደቡን እንዲያነጣ መከረው፤ ከዚያ ወዲህ ሕንፃውም ሰዉም ከመደቡ ተነጥለው መታየት ጀመሩ። ለእርስዎ ያልነጣ አቡጀዲ ያን ነጭ መደብ ይተካል።

በሰው ረገድ ግን ላውሪን ለመከተል አይቸኩሉ። አሜሪካዊው ቻርልስ ሺለር እ.ኤ.አ. በ1927 የፎርድን የሪቨር ሩዥ ፋብሪካ ፎቶግራፍ ካነሳ በኋላ፣ በ1930 በሣለው ሥዕል ውስጥ ያለው ሰው ከሐዲዱ አጠገብ የምትታይ አንዲት ደቃቅ ምስል ብቻ ነው፤ የቀረው ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ጭስ ማውጫ፣ ውሃና ሰማይ ነው። ሥዕሉ ለእኔ ትንሽ ይቀዘቅዘኛል፤ ለመቀስና ለመርፌ ግን ቀጥ ያለ ጠርዝ በረከት ነው። የሠራተኛውን ሰልፍ ከጨርቅ ከመቁረጥ ይልቅ መጨረሻ ላይ በጥቁር ክር አጫጭር ስፌት እየጣሉ ቢያሳዩት ይሻላል፤ ከሐረጎ ላይ ሆኖ የሚታይ ሰው ከዚያ አይበልጥምና።

ስለ ቁርጥራጩ ደግሞ የሚያበረታ ታሪክ አለ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በጊስ ቤንድ የሚኖሩ፣ የባሪያዎች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ እየገጣጠሙ ትውልድ አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአካባቢው የነበረው የስፌት ማኅበር ሲርስ ለተባለው የንግድ ድርጅት የከርደሮይ ትራስ ልብስ የመስፋት ውል ሲያገኝ፣ ከሥራው የተረፈው ቁርጥራጭ ወደ ብርድ ልብሶቻቸው ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራዎቻቸው በሂውስተንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ለእይታ ቀርበዋል። ከእኛም አገር ኤልያስ ስሜ ክርና አዝራር በሸራ ላይ እየሰፋ ጀምሮ፣ ኋላ ከተጣሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በወጣ ሽቦና ሰሌዳ ከሰማይ ላይ የታየ ከተማ የሚመስሉ ሰፋፊ ሥራዎች ሠርቷል። የእርስዎ ዕድል ደግሞ የተለየ ነው፤ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያው በሚሠሩት መልክዓ ምድር ውስጥ ስላሉ፣ ፋብሪካውን ራሱ ባመረተው ጨርቅ ማሳየት ይችላሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በቅድሚያ ሰዓት ይምረጡ። ከሐረጎ ሲታይ ኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለምትውል ጠዋት ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ትመጣለች፤ ሕንፃዎቹ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናሉ፣ ተራሮቹም አንዱ ከሌላው ኋላ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባዎ ስለሚመጣ ጣሪያው፣ መስኮቱና አጥሩ ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል። ለመጀመሪያ ሥራ ጠዋቱን ይምረጡ፤ ዝርዝሩን ፀሐይዋ ራሷ ትቀንስልዎታለች። ሩቅ ያለውን ተራራ በሳሳና ሰማያዊ በሆነ ጨርቅ፣ ቅርቡን በካኪ ይሥሩ። ለቆርቆሮ ጣሪያ መስመር ያለው የሸሚዝ ጨርቅ ይሆናል፤ መስመሩ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ታች እንዲወርድ አድርገው ይቁረጡት። ለጭሱ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ስስ ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ድርብ፣ ሌላ ቦታ ላይ በሁለት ድርብ ቢያስቀምጡ ከሥሩ ያለው ተራራ እየታየ ይደበዝዛል፤ ከዚህ የተሻለ የጭስ አሠራር አላውቅም።

ስፋቱ ከስልሳ በዘጠና ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ንድፉን በዚያው ልክ በወረቀት ይሣሉ፣ እያንዳንዱን ክፍል ቁጥር ይስጡ፣ ወረቀቱን ቆርጠው በጨርቁ ላይ ያስቀምጡና በዙሪያው ለስፌት የሚሆን ስድስት ሚሊ ሜትር ይተዉ። ጨርቁን ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው ይተኩሱት፤ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ቀይና ጥቁር ሰማያዊም ቀለም ስለሚለቅ ለየብቻ ይታጠብ። ቴትሮን የተቀላቀለበትን ጨርቅ በጋለ ካውያ አይንኩት። ከሁሉም በላይ የጨርቁን ድርና ማግ ይመልከቱ፦ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ስለሚለጠጥ ረጅሙ ጭስ ማውጫ ይጣመምብዎታል፤ እሱን በድሩ አቅጣጫ ቆርጠው፣ ዳር ዳሩን ወደ ውስጥ አጥፈው ከላይ ደርበው ይስፉት።

ገጣጥመው ሲጨርሱ ገበሩን ከሥር ዘርግተው በመሃል ባዘቶ ወይም ያረጀ ኩታ ያስገቡ፤ ጋቢ ለግድግዳ ይከብዳል። በእጅ የተባዘተ ጥጥ በጊዜ ብዛት ስለሚጓጉል ሦስቱን ድርብ የሚያያይዘው ስፌት ተቀራራቢ ይሁን፤ ኩታ ከሆነ ግን አራርቀው መስፋት ይችላሉ። ቋሚውን ስፌት ከመጀመርዎ በፊት ከመሃል ወደ ዳር በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ያያይዙት፤ ከዳር ከተጀመረ ጨርቁ መሃል ላይ ተሸብሽቦ ይቀራል። በተራሮቹ ላይ ስፌቱ የኮረብታውን ቅርጽ ይከተል፤ በቦርከና ወንዝ ላይ በአግድም ይሂድ።

ጥያቄ፦ በስፌት መኪና የገጣጠምኩትን ሥራ «የእጅ ሥራ» ብዬ መሸጥ ይገባኛልን?
ከወልድያ

መልስ፦ ይገባዎታል። የስፌት መኪና ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በየቤቱ ከገባ ጀምሮ ጨርቅ ገጣጣሚዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ቀለሙን የመረጠው፣ ቅርጹን የቆረጠውና መኪናውን የመራው እጅ የእርስዎ ነው። ገዢው ሁሉም ስፌት በመርፌ የተሠራ መስሎት ዋጋ እንዳይሰጥ ግን የትኛው በመኪና፣ የትኛው በእጅ እንደተሰፋ አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ እናቴ የሰፋችልኝን መሶብ፣ ሙዳይና ከጨርቅ የተገጣጠመ የግድግዳ ጌጥ በአንድ ክፍል ውስጥ አኑሬያለሁ። የአለላው ቀለም እየደበዘዘ ነው፤ ጨርቁም ላይኛው ጫፉ ረግቧል። ምን ላድርግ?
ከሐይቅ

መልስ፦ የደበዘዘው አለላ ተመልሶ አይደምቅም፤ የቀረውን ለማዳን መሶቡንና ሙዳዩን በመስኮት በኩል የሚገባው ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ያዛውሩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ስንደዶና አክርማ ውሃ ከጠጡ ስለሚሻግቱ አይጠቡ። ጨርቁ የረገበው በሁለት ምስማር ጫፍና ጫፉን ይዞ ስለተሰቀለ ሳይሆን አይቀርም። በጀርባው፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ እንደ እጅጌ ያለ ማስገቢያ ሰፍተው ቀጥ ያለ ዘንግ ያስገቡበትና ምስማሩ ዘንጉን ይሸከም፤ ክብደቱ ያን ጊዜ እኩል ይከፋፈላል።