ወደ አውሮፓ በሙያ መሄድ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ሥራ ቪዛ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ጉድ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ጀርመን ውስጥ በሙያዬ ተቀጥሬ የምሠራ ኢንጂነር ነኝ፤ ጠበቃም ኤጀንትም አይደለሁም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የደሞዝ ወለል (ፈቃዱን ለማግኘት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደሞዝ) በየጊዜው ስለሚቀየር እዚህ የጻፍኩት የ2025ን ነው፤ ከማመልከታችሁ በፊት የየአገሩን የመንግሥት ድረ ገጽ እዩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አንድ አገር ንገረን። የትኛው ይቀላል?

መልስ፦ ለማን? ለነርስ የሚቀለው ለአካውንታንት አይቀልም። ከአገር ሳይሆን ከሙያህ ተነሳ። መጀመሪያ ዲግሪህ እዚያ አገር ዕውቅና ያገኛል ወይ በል፣ ቀጥሎ ቋንቋ፣ ከዚያ ደሞዝ። የአገር ስም መጨረሻ ላይ ራሱ ይመጣል።

ደግሞ ለመላው አውሮፓ የሚሠራ አንድ የሥራ ቪዛ የለም። የአውሮፓ ኅብረት ብሉ ካርድ (ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) እንኳ የሚሰጠው በየአገሩ ነው፣ የደሞዙን ወለልም እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል። ከ27ቱ አባላት ዴንማርክና አየርላንድ አልገቡበትም፤ የራሳቸው የሥራ ፈቃድ አላቸው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ሲቪል ኢንጂነር፣ ዕድሜ 29፣ የሦስት ዓመት ልምድ። ጆብ ኦፈር የለኝም። ጀርመን መጥቼ መፈለግ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ቻንሰንካርተ የሚባል ካርድ ከሰኔ 2024 ጀምሮ አለ። ለአንድ ዓመት ገብተህ ሥራ የምትፈልግበት ነው። እስክታገኝ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል።

ለመግባት መጀመሪያ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ባገኘህበት አገር መንግሥት የሚታወቅ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና። ሁለተኛ፣ ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ)። ከዚያ 6 ነጥብ መሙላት ነው። ያንተን እንደምር። ከ35 ዓመት በታች ስለሆንክ 2። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓመት በሙያህ ስለሠራህ 2። ሲቪል ኢንጂነሪንግ እጥረት አለባቸው ከተባሉት ሙያዎች ውስጥ ስላለ 1። አምስት ሆነ። ስድስተኛውን ጀርመንኛ ኤ2 ይሰጥሃል፤ እንግሊዝኛህ ሲ1 ከሆነ እሱም 1 ነው።

የዲግሪህን ነገር አናቢን በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ላይ በነፃ ታያለህ። ዩኒቨርሲቲህ ኤች ፕላስ የሚል፣ ዕውቅና አለው ማለት የሆነ ምልክት አለው ወይ? የተማርከው የትምህርት ዓይነትስ ተዘርዝሯል? አንዱ ከጎደለ ዛብ የተባለው መሥሪያ ቤት በ208 ዩሮ የማነጻጸሪያ ደብዳቤ ይጽፍልሃል። ይሄን ሳታይ ለማንም ሰው አምስት ሳንቲም አትክፈል።

አሁን የኔ ሐሳብ። በኤ1 መግባት ይቻላል ማለት በኤ1 ሥራ ይገኛል ማለት አይደለም። የግንባታ ቦታ ላይ ስብሰባው፣ የሕንፃ ደንቡ፣ ከፎርማኑ ጋር ያለው ጭቅጭቅ በሙሉ በጀርመንኛ ነው። አንድ ዓመት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ቢ1 እዚያው ሐዋሳ ሆነህ ጨርስና ና። ሥራ ካገኘህ በኋላ እጥረት ላለባቸው ሙያዎች የብሉ ካርድ ወለል በ2025 በዓመት 43,759.80 ዩሮ ነበር፣ ለሌላው 48,300። ብሉ ካርድ ይዘህ ቢ1 ካለህ በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ትችላለህ፤ በኤ1 ብቻ 27 ወር ነው።

ጥያቄ፦ ለቻንሰንካርተው ብሎክድ አካውንት (ለኑሮ ወጪ ቀድሞ የሚቀመጥበት ዝግ ሂሳብ) ስንት ይጠይቃል? ብሩ ከሌለኝስ?

መልስ፦ በ2025 በወር 1,091 ዩሮ፣ ለአንድ ዓመት 13,092 ነበር። ገንዘቡ ያንተው ነው፤ ጀርመን ከገባህ በኋላ በየወሩ እየተለቀቀ ይሰጥሃል። ሁለት ሌላ መንገድ አለ። አንዱ፣ ጀርመን የሚኖር ሰው ወጪህን እሸፍናለሁ ብሎ መንግሥት ቢሮ ሄዶ መፈረም። ሌላው፣ ወጪህን የሚሸፍን የትርፍ ሰዓት ሥራ ውል ቀድሞ መያዝ።

ስለ ፊርማው አንድ ነገር ልበል። ለወጉ ያህል የሚፈረም ወረቀት አይደለም። የፈራሚው ደሞዝ ይመረመራል። አንተ የመንግሥት ድጎማ ውስጥ ብትገባ ሂሳቡ እሱ ጋ ይመጣል። የአክስትህ ልጅ ስልክህን ማንሳት ካቆመ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላልና አትቀየመው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ሆስፒታል እየሠራሁ ነው። ጀርመን ይሻለኛል እንግሊዝ? አንድ ኤጀንት ኮንትራት አለኝ እያለኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከኤጀንቱ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር አለው። በ2023 ሲታደስ 55 አገሮች ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ሀብታሞቹ አገሮች ከነዚህ አገሮች ሐኪምና ነርስ እየመለመሉ እንዳይወስዱ የታሰበ ነው። ጀርመን ይህን ሕግ አድርጋዋለች፤ የግል ኤጀንት ከዝርዝሩ አገሮች ነርስ መመልመል አይችልም። እንግሊዝም የምልመላ ደንብ አላት፤ አሠሪዎች ወደነዚህ አገሮች ሄደው እንዳይመለምሉ ይከለክላል። አንቺ ግን በራስሽ ተነሳሽነት፣ ለወጣ ማስታወቂያ፣ በቀጥታ ማመልከት ትችያለሽ። ሕጉ የሚከለክለው መልማዩን እንጂ አንቺን አይደለም። ስለዚህ «ነርሶች እየመለመልን ነው» ብሎ አዲስ አበባ ቢሮ የከፈተ ሰው ሲገጥምሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚሁ ገምቺ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ጀርመን ውስጥ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ጀርመንኛ ቢ2። ማመልከቻው የሚገባው ልትሠሪበት ላሰብሽው ክፍለ ግዛት ባለሥልጣን ነው። ትምህርትሽን ከነሱ ጋር አነጻጽረው የጎደለውን በደብዳቤ ይነግሩሻል። የጎደለውን ወይ ሆስፒታል ውስጥ በማሟያ ሥልጠና ትሞይዋለሽ፣ ወይ ፈተና ትወስጃለሽ። እስከዚያ በረዳትነት እየሠራሽ ደሞዝ ታገኛለሽ። ወረቀቱ ሲደርስሽ ዝርዝሩ ረጅም ቢሆን እንዳትደነግጪ፤ የተለመደ ነው። የተማርሻቸው ሰዓቶች፣ የተግባር ልምምድ የሠራሽባቸው ክፍሎች ሁሉ ይቆጠራሉና ከኮሌጅሽ ዝርዝር ካሪኩለም ማህተም አስመትተሽ ያዢ። ብዙ ሰው የሚዘገየው በዚህች ወረቀት ነው።

እንግሊዝ ቋንቋው ያግዝሻል። ነርሶችን የሚመዘግበው ምክር ቤት አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 7 ይፈልጋል፣ በጽሑፍ 6.5 ይበቃል። ከዚያ የኮምፒውተር ፈተና፣ እዚያ ከገባሽ በኋላ ደግሞ የተግባር ፈተና። እንግሊዝኛሽ ጠንካራ ከሆነ እኔ እንግሊዝን አስቀድማለሁ። ካልሆነ ግን ሁለቱም ቋንቋ ጥናት ነው፤ ያኔ ጀርመንኛው ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ለእንግሊዝ የኬርጊቨር (የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢ) ስፖንሰርሺፕ 900 ሺህ ብር ጠየቁኝ። ግማሹን ከፍያለሁ።

መልስ፦ ቀሪውን አትክፈል። ያ መንገድ ለአዲስ አመልካች ሐምሌ 22 ቀን 2025 ተዘግቷል፤ አሠሪዎች ከውጭ አዲስ ኬርጊቨር ማምጣት አይችሉም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ስፖንሰርሺፕ አይሸጥም ነበር። አሠሪው ነው ለመንግሥት የሚከፍለው። ደረሰኝህን፣ የባንክ ዝውውሩን፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገህ ፖሊስ ጋ ሂድ። ያሳዝናል፣ ግን «ሌላ ትንሽ ጨምርና ይፋጠናል» ማለታቸው አይቀርም፤ ጆሮህን አትስጣቸው።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር እሠራለሁ፣ ዲግሪ ግን የለኝም። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ በደንብ። ጀርመን ለአይቲ ሰው ያለ ዲግሪ ብሉ ካርድ ትሰጣለች። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት በባለሙያ ደረጃ የሠራህበት ማስረጃ ይኑርህ፣ ደሞዙም ከላይ የጻፍኩትን ዝቅተኛውን የብሉ ካርድ ወለል ይሙላ። ኔዘርላንድስ ደግሞ ዋናው ነገር ደሞዝ ነው፦ በ2025 ከ30 ዓመት በታች ለሆነ በወር 4,171 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ 5,688 ነበር። ግን የሚቀጥርህ ድርጅት በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ በአይ ኤን ዲ፣ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ነው። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው፦ ዝርዝሩን አውርድ፣ የአይቲ ድርጅቶቹን ለይ፣ ሲቪህን ለነሱ ብቻ ላክ። ስፖንሰር ማድረግ ለማይችል ድርጅት ማመልከት ድካም ነው። እንግሊዝም ተመሳሳይ የስፖንሰሮች ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አላት።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ኮታ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ፍሉሲ ይባላል፤ ከውጭ የሚገቡ ሠራተኞች ቁጥር የሚወሰንበት ነው። ኢትዮጵያም ኮታው ከሚመለከታቸው አገሮች አንዷ ናት። ችግሩ የሚያመለክተው አሠሪው መሆኑ ነው፤ አንተ አዲስ አበባ ሆነህ የምትሞላው ፎርም የለም። ማመልከቻው የሚከፈትበት ቀን ክሊክ ደይ ይባላል፣ ቀድሞ የገባ ይቀድማል። አሠሪው ኑላ ኦስታ የሚባለውን ፈቃድ ሲያገኝ አንተ ኤምባሲ ትሄዳለህ። አሠሪውን በስም የማታውቀው፣ አድራሻውንም ያላየኸው ከሆነ በኮታው ስም እየተነገደብህ ነው።

ጥያቄ፦ በጉብኝት ቪዛ ገብቼ እዚያው ሥራ ባገኝስ?

መልስ፦ የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ ሥራ አይፈቅድም። ፖርቹጋል ውስጥ ገብቶ መሥራት ጀምሮ ወረቀት መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ሰኔ 2024 ተዘጋ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ውሳኔን ከ15 ወደ 45 ቀን አርዝሞታል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውንም ቪዛ አቁሟል። ይህ የአጭር ጊዜውን እንጂ የሥራ ቪዛውን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ለማመልከት አገር ቤት መመለስ አለብኝ?

መልስ፦ ሕጋዊ መኖሪያ ካለሽ እዚያው ባለው ቆንስላ ታመለክቻለሽ። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ሊያልቅ የቀረበ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሺ።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ጅቡቲ መስመር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የኔ መንጃ ፈቃድ አውሮፓ ይሠራል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልምድዎ ትልቅ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ግን ብቻውን አይበቃም። እዚህ ለደሞዝ የሚነዳ ሹፌር ኮድ 95 የሚባል የሙያ ብቃት ያስፈልገዋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የኛ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው መኖሪያ ከያዙ በኋላ ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ እዚሁ ፈተና ይወስዳሉ። ሥልጠናውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ተጽፎ ይዩት። ካልተጻፈ ከደሞዝዎ እንደሚቆረጥ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው፣ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ነኝ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ረፈደብኝ?

መልስ፦ አልረፈደም። በቻንሰንካርተው ከዕድሜ ነጥብ አታገኚም፤ የሚሰጠው እስከ 40 ነው። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ የአምስት ዓመት ልምድ 3 ነጥብ ነው፣ ጀርመንኛ ቢ1 2፣ ሙያሽ እጥረት ያለበት ስለሆነ 1። ስድስት ሞላ። የሚያሳስበው 45 ነው። ከ45 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደበኛው የባለሙያ ፈቃድ የሚገባ ሰው ወይ የተወሰነ የዓመት ደሞዝ (በ2025 53,130 ዩሮ ነበር) ወይ በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት አለበት። ብሉ ካርድ ላይ ይህ ገደብ የለም። ስለዚህ የቋንቋ ትምህርቱን በዚህ ወር ጀምሪ፣ ዲግሪሽንም አናቢን ላይ ዛሬ ማታ እዪው።