የሯጯ ማርክ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይቆጠራል

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ አዳማ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ 1500 ሜትር ትሮጣለች። የአንድ አሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሰዓቷን አይቶ አነጋግሯታል። እኛ ግን ማርኳ የሚታየው 12ኛን ስትጨርስ ነው ብለን ተቀምጠናል። ስንት ማምጣት አለባት?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እባክዎ 12ኛን አይጠብቁ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት ከሚመሩት ትልቁ፣ ኤንሲኤኤ፣ የሚያየው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ማርክ ነው፤ የልጅዎ ውጤት ግማሹ ተጽፎ አልቋል። ለዲቪዚዮን 1፣ ማለትም ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ፣ የሚጠየቀው 16 ዋና ትምህርት ሲሆን፣ ዓመት ሙሉ የተማሩት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ 1 ተጨማሪ፣ ቀሪው 4 ከእነዚሁ ወይም ከመሳሰሉት።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሒሳብና በሳይንስ አትቸገርም። ልጆቻችን የሚዘናጉት በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ታሪክና ጂኦግራፊ ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንሱ የሚሞላው ግን በእነሱ ነው። የስፖርት ትምህርት 95 ቢሆንም እዚህ አይገባም።

የእነዚህ 16 ዋና ትምህርቶች አማካይ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ ቀጥሎ ላለው ደረጃ፣ ለዲቪዚዮን 2፣ ደግሞ 2.2። ከ2.0 በላይ ሆኖ 2.3 ካልሞላ በዲቪዚዮን 1 ስኮላርሺፕ ልታገኝ ትችላለች፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን አትወዳደርም። ከመቶ ያለውን ማርክ ወደ 4 ነጥብ የሚመነዝሩት የኤንሲኤኤ ሰዎች ራሳቸው ናቸውና ቤት ውስጥ በ25 እያካፈላችሁ አትጨነቁ። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኤንሲኤኤ ብቁነት፣ ማለትም ለመወዳደር ፈቃድ፣ አይጠየቅም። ኮሌጁ ግን ለቅበላው እሱንም የእንግሊዝኛ ፈተናም ሊጠይቅ ይችላል። አሰልጣኙ ወደዳት ማለት ኮሌጁ ተቀበላት ማለት አይደለም።

ለልምምድ ብላ ክፍል እንዳትደግም አደራ። ዋና ትምህርቶቹ የሚጠናቀቁበት የ4 ዓመት ጊዜ 9ኛ ክፍል ስትገባ ጀምሯል፤ ከ4 ዓመቱ በኋላ የተወሰደ ትምህርት በአብዛኛው አይቆጠርላትም።

አሁኑኑ ከትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት አውጡና ከፓስፖርቷ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ነው? የልደት ቀኑስ? ጥቅምት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ የተወለደችው ኦክቶበር 15 ቀን 2008 ነው። ጸሐፊው 2001ን እንዳለ ከገለበጠው ልጅቷ በወረቀት 7 ዓመት ታረጃለች፤ ለሯጭ ደግሞ ይህ የዕድሜ ማጭበርበር ጥርጣሬ ያስነሳል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ማስረጃ ካለ፣ ዋናውና መስመር በመስመር የተተረጎመው አብረው ለኤንሲኤኤ ይላካሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «ብቁነቱን እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ ከስኮላርሺፑ 10 በመቶ ትሰጠኛለህ» አለኝ። ልስማማ?
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንዳትፈርም። ከስኮላርሺፕ ላይ ድርሻ ለሚወስድ ሰው መስማማት ራሱ ብቁነትህን ሊያሳጣህ ይችላል። በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ራስህ ተመዝገብ። የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ኮሌጁ ስምህን በሚፈልጋቸው አትሌቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ነው፤ ስለዚህ ፋይልህ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደላላውን ሳይሆን አሰልጣኙን «ስሜን አስገብተሃል?» ብለህ ጠይቀው።