ጥያቄና መልስ፦ «የልጆችን እንጀራ» እና በደጃችን የቀሩት ውሾች

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሲዛወሩ ውሾቻቸውን ይዘው መሄድ አልቻሉም፤ አምስቱ እኛ ደጅ ተሰብስበው ቀሩ። እኔም ከቤት የሚተርፈውን እንጀራና ከሆቴል የምለምነውን አጥንት እሰጣቸዋለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ያለ አንድ ወንድም ግን «በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ተርበው እያሉ ውሻ ማብላት ኃጢአት ነው፤ ጌታም የልጆችን እንጀራ ይዞ ለቡችሎች መጣል አይገባም ብሏል» ብሎ በሰው ፊት ገሠጸኝ። አንዳንድ ጎረቤቶች ደግሞ ልጆቻችንን ይነክሱብናል ብለው በመርዝ ሊያስወግዷቸው ይመካከራሉ። በጾም ወራት አጥንት መንካቴም ያሳስበኛል። ምን ላድርግ? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽና፣ አጥንቱን በእጅሽ መያዝ ጾምሽን አይሽርብሽም፤ በዚህ አትጨነቂ። ረዘም አድርጌ መመለስ የምፈልገው ወንድማችን ስለጠቀሰው ቃል ነው። ይህ ቃል በዚህ አኳኋን ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከጭነቱ በታች የወደቀውን አህያ የሚደበድበውን ሰው ተው ስንለው፣ በበዓል ዋዜማ ዶሮዎችን በእግራቸው አሥሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚዞረውን ስንመክረው፣ የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰው ባልጠገበበት አገር ስለ እንስሳ ማሰብ ምንድን ነው? ይላሉ። ጥያቄው ስለ ድሀ የሚቆረቆር ይመስላልና ብዙ ምእመናን አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ።

ጌታችን ይህን ቃል የተናገረው በጢሮስና በሲዶና አገር፣ ልጇ በጋኔን ለተያዘችባት ለከነናዊቷ ሴት ነው (ማቴ. 15፥21-28)። ስለ ውሻ ቀለብ ሕግ ሊሠራ አልነበረም፤ የእምነቷን ጥልቀት ደቀ መዛሙርቱ እንዲያዩ ሊፈትናት ነበር። ወንድማችን ጥቅሱን ቁጥር 26 ላይ አቁሞታል፤ ሴቲቱ ግን አላቆመችውም። «አዎን ጌታ ሆይ፤ ቡችሎችም እኮ ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ» ብላ መለሰች። ጌታም መልሷን ተቀብሎ እምነትሽ ታላቅ ነው አላት፤ ልጇንም ፈወሰላት። እስቲ ያንን ማዕድ በዐይነ ኅሊናሽ ተመልከችው። ልጆቹ በገበታው ዙሪያ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ቡችሎቹም ከገበታው በታች የወደቀውን ይለቅማሉ፤ በቡችሎቹ ምክንያት የተራበ ልጅ፣ በልጆቹ ምክንያትም የተባረረ ቡችላ በዚያ ቤት አይታይም።

ፍርፋሪ የሚለው ቃል በወንጌል ሌላም ቦታ አለ፤ እርሱም የአልዓዛርና የባለጠጋው ታሪክ ነው (ሉቃ. 16፥19-21)። ድሀው በባለጠጋው ደጅ ተኝቶ ከማዕዱ በሚወድቀው ፍርፋሪ ሊጠግብ ይመኝ ነበር፤ ውሾችም መጥተው ቁስሉን ይልሱለት ነበር። ይህን ክፍል በጉባኤ ባስተማርሁ ቁጥር ሳልፈው የሚከብደኝ ነገር አለ፦ በዚያ ደጅ ድሀውና ውሾቹ አንድ ላይ ነበሩ። አልዓዛርን ያስራበው ለውሾች የተሰጠው እንጀራ አልነበረም። ባለጠጋው ዕለት ዕለት እየተደሰተ ሲኖር ደጁን አልተመለከተምና በደጁ ያሉት ሁሉ አብረው ተራቡ። በአገልግሎት ዘመኔ ያየሁትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በፈረሱና በአህያው ላይ የሚጨክን ሰው ለሠራተኛውና ለልጁ ሲራራ ያየሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ምሕረትን በመሶብ እንዳለ እንጀራ ይቆጥራታል፤ ለአንዱ ስትቆረስ ከሌላው የምትጎድል ይመስለዋል። ምሕረት ግን በተሰጠች ቁጥር የሰጪውን ልብ እያለመደች ትሰፋለች።

ይህን ስል ለሰውና ለእንስሳ እኩል ቦታ ሰጥቼ አይደለም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ፣ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰለት ነው፤ ጌታም «ከብዙ ድንቢጦች እናንተ ትበልጣላችሁ» ብሎናል። ስለ ነነዌ ለዮናስ የተነገረውን አስቢ፤ እግዚአብሔር ሰዎቹን ከ120,000 በላይ ብሎ በቁጥር ጠራቸው፤ ቀጥሎም «ብዙ እንስሶችም» አለ። ሰው ቀድሟል፣ ተቆጥሯልም፤ እንስሳውም ከምሕረቱ ቃል አልተዘለለም። ስለዚህ አንቺንም አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፦ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን የምትሰጪው ከማዕድሽ ከየትኛው ወገን ነው? ለውሾቹ ትራፊውን፣ ለነዳያኑም ያደረውንና የሻገተውን እየሰጠሽ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የወንድማችን ተግሣጽ በአነጋገሩ ቢያጠፋም በነገሩ ይነካሻል። ለድሀው የምትቆርሺው ከመሶቡ ራስ ይሁን።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ ፍርሃት እንምጣ። ይህን አቃለሽ እንዳታይው አጥብቄ እነግርሻለሁ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ተዋጊ በሬ ያለው ሰው አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ በሬው ሰው ቢገድል፣ ፍርዱ ከበሬው አልፎ በባለቤቱ ላይ ይመጣል። አንቺም አምስቱን ውሾች መመገብ ከጀመርሽ ወዲህ በጎረቤቶችሽ ዐይን ባለቤታቸው አንቺ ነሽ፤ በእግዚአብሔርም ፊት የምትጠየቂ ይመስለኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰውም በአብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ነው። እንግዲህ ያልተከተበ ውሻ በልጆች መተላለፊያ ላይ ሰብስቦ ማብላት ርኅራኄው ግማሽ ነው። አስከትቢያቸው፤ የምታበያቸውም ልጆችና አረጋውያን ከማይመላለሱበት ጥግ ይሁን። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህን ለጎረቤቶችሽ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ፍርሃታቸውን እንደምትካፈዪ ሲያዩ ቃልሽን ይሰማሉ።

መርዙን በተመለከተ ግን ምእመን የሆነ ሰው እጁን እንዳያስገባበት። ውሻው ተጨንቆ ከመሞቱ በላይ፣ በሥጋ ተደርጎ የተጣለ መርዝ የጣለው ሰው ካሰበው ቦታ አይቆምም፤ ሕፃን ሊያነሣው ይችላል፣ የሞተውን ውሻ የበላው ጥንብ አንሳና ጅብም ይሞታል። በሽታውንም አያጠፋም። የዘርፉ ባለሙያዎች በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን የሚያቆመው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 ሰባው ሲከተቡ እንደሆነ ያስተምራሉ። የተገደሉት ውሾች ቦታ ግን ምግብ እስካለ ድረስ ብዙም ሳይቆይ ባልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይያዛል።

ያ ምግብ ከየት ይመጣል? ከእኛው እጅ ነው፤ ይህንንም በኀዘን እናገረዋለሁ። ቀድሞ በበዓል ማግሥት «ቆዳ ያለው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ልጆች ነበሩ፤ የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ግን በጸሎትና በእልልታ ጾም የፈታንበት በግ ቆዳው፣ አንጀቱና ፈርሱ በመንገድ ዳር ተጥሎ ሲሸት ይሰነብታል፤ ከፊሉም ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ ወንዞች ይወርዳል። በስመ ሥላሴ ባርከን ያረድነውን ፍጥረት ከበላን በኋላ እንዲህ መጣል ስሙን የጠራንበትን አምላክ አለማክበር ነው። በቅዳሴያችን ስለ ወንዞች ውኃ እንማልዳለን፤ ከቅዳሴ ወጥተን በዚያው ወንዝ ቆሻሻ ብንጥል ምልጃችን ምን ይባላል? ጎረቤቶችሽ ውሻ እንዲቀንስ ከፈለጉ ገንዘባቸውን መርዝ ከሚገዙበት የጋራ ቆሻሻ ማንሻ ቢያዋጡበት ይሻላል።

በመጨረሻም ስለ ተተዉት ውሾች ስታስቢ ቤተ ክርስቲያናችን በዘመነ ክረምት ውስጥ ከነሐሴ 10 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ምን ብላ እንደምትጠራው አስታውሺ፦ ዕጓለ ቋዓት፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። አበው በትርጓሜ እንደሚያስተምሩን ቁራ ላባ ሳያወጡ የተፈለፈሉትን ጫጩቶቿን ባዕድ መስለዋት ጥላቸው ትሄዳለች፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ሲጮኹ እግዚአብሔር ይመግባቸዋል፤ ዳዊትም «ለሚጠሩት ለቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን ይሰጣል» ብሎ የዘመረው ይህን ነው። ሊቁ ቅዱስ ያሬድ ድርሰቱን በየዘመኑ ሲያዘጋጅ ባለቤት ለሌላቸው ጫጩቶች ከዓመቱ ቀን ቆጥሮላቸዋል። በሰው ፊት የተገሠጽሽበት ሥራ በዚህ ዝማሬ ውስጥ ያለ ነውና አትፈሪ።

ከወንድማችን ጋር ግን ተቀያይመሽ አትቅሪ። ስለ ነዳያን ያለው ቁጭት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ብለሽ ተቀበዪው። የጽዋው ተራ ሲደርስሽ ማኅበርተኛው ከመቀመጡ በፊት መሶቡን ይዞ ወደ ደጀ ሰላም የሚወጣው እርሱ እንዲሆን ለምኚው፤ ለውሾቹ ክትባት የሚሆነውን መዋጮ ስትሰበስቢም መጀመሪያ የምትጠይቂው እርሱን ይሁን።