ኮሪደርና ወንበር ካላችሁ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ በፊዚዮቴራፒ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ከእናንተው አንዷ ደውላ «ጋሼ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ላለባቸው ሰዎች የተሃድሶ (በእንቅስቃሴ የማገገሚያ) ፕሮግራም ልንጀምር ነው፤ ትሬድሚል፣ የመራመጃው ማሽን፣ እስኪገዛልን እየጠበቅን ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ብዕር አነሳሁ።

ትሬድሚሉን አትጠብቁ። 30 ሜትር ኮሪደር፣ ጠንካራ ወንበር፣ ሰዓትና ኦክሲሜትር (ጣት ላይ የሚሰካ የደም ኦክስጅን መለኪያ) ይበቃችኋል። ለክንድ ማጠንከሪያ አሸዋ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ማንን ገደለ? ታካሚው 6 ደቂቃ ይራመድ፤ የሄደውን ሜትር ጻፉ። ከ8 ሳምንት በኋላ ድገሙት። 30 ሜትር ያህል ከጨመረ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተም ነው፤ ቁጥር ሳትይዙ ስብሰባ ብትገቡ የሚሰማችሁ የለም። ኦክሲሜትሩን ስታነቡ ግን ደሴ 2500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ መሆኗን አትርሱ። እዚህ ጤነኛውም ሰው ቢሆን ቁጥሩ ቆላ ካለው ዝቅ ይልበታል።

ከሁሉ በፊት ቲቢ። የሚያስል ሰው አክታው ሳይመረመር ቡድን ውስጥ አይግባ። ከሚመጡላችሁ ብዙዎቹ ድሮ ቲቢ ታክመው የዳኑ ናቸው፤ ጀርሙ ሄዶ ጠባሳው ቀርቷል። ሌሎቹ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ዕድሜያቸውን በምድጃ ጭስ የጨረሱ እናቶች ናቸው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሠራ አሥራ ሁለት ሰው ሰበሰብኩ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የሚመጡት አራት ብቻ ሆኑ። «ሕዝባችን ለጤናው ግድ የለውም» ብዬ ተነጫነጭኩ። አንድ ቀን ከኩታበር የሚመጡ እናት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ክፍላችሁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይሄን ደረጃ መውጣት ብችል መች እናንተ ጋ እመጣ ነበር?» አሉኝ።

አፈርኩ። ምድር ቤት አንድ መጋዘን ለምኜ አጸዳሁ። ዓርብን ለጁምዓ ተውኩት። ቀኑን በሳምንት ሁለት አደረግኩት፤ አንዱ የገበያ ቀን ሆነ፤ ለገበያ መምጣታቸው አይቀርማ። ሰዓቱንም ብርዱ እስኪለቅ ገፋሁት። የቀረውን ቤታቸው ይሠራሉ፣ እኔ እደውላለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስምንት ሆኑ።

ሳንባው እንደ አዲስ አይሆንም፤ ይህን አትዋሹ። የሚጠነክረው ጡንቻው ነው። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ይፈራል፣ ሲፈራ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ እግሩ ይከዳዋል፣ ከዚያ ትንሽ እርምጃም ያፍነዋል። ቤተሰቡ ደግሞ «አርፈህ ተቀመጥ» ይለዋል፤ ለፍቅር ብሎ። ስለዚህ ልጁን ወይም ሚስቱን አብራችሁ ጥሩ። ሲራመድ «ትንፋሽህ ከ10 ስንት ከበደህ?» በሉት። 4፣ 5 ካለ ደህና ነው፤ ይቀጥል። አተነፋፈሱንም ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሹሎ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ አሳዩት።

ደግሞ «ቡና ተዉ» እንዳትሉ! ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ባለሙያ ሁለተኛ አይሰማም። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ በሩ ይከፈት፣ ዕጣኑ ይቅለል በሉ። ዱዓው ይቀጥላል።

የኩታበሯ እናት 8ኛው ሳምንት ላይ ሲራመዱ ጥሩ ጨመሩ። ሜትሩን ስነግራቸው ግን ብዙም አልገረማቸውም። «ትናንት ውሃ ቀድቼ ስመለስ አንዴ ብቻ ነው ያረፍኩት» አሉኝ። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ።