ለክፍል ሁለት አዲስ ሚስጥር አትፍጠሪ፣ ሰውዬው ትቶት የሄደው ወረቀት ይበቃሻል

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው፣ ረጅም ነው ታገሺኝ። ፖስቷን ላላያችሁ ባጭሩ፣ እህታችን ቴሌግራም ላይ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በተከታታይ ስትጽፍ ነበር፣ መርካቶ በጨርቅ ንግድ የከበረ ሰውዬ፣ ሚስትየው፣ ሶስት ልጆች፣ ትልቁና መሃለኛው በሱቁ የተነሳ ዓይንና ናጫ የሆኑ፣ ትንሿ አሜሪካ ያለች። ክፍል አንድ ሰውዬው ሲሞት አለቀ። አሁን አንባቢው ክፍል ሁለት እያለ አላስቀምጥ ብሏታል፣ እሷ ያሰበችው ደግሞ ከውጭ ሀገር ድንገት የሚመጣ መንትያ፣ የዲኤንኤ ምርመራ፣ የተመረዘ ቡና ምናምን ነው። "ይስባል ወይስ ተጋነነ?" ብላ ጠይቃለች።

ተጋነነ። በግልጽ ልንገርሽ፣ መንትያውም መርዙም ከቱርክ ድራማ የመጣ ነው፣ አንባቢሽ ደግሞ ቃና ከተከፈተ ጀምሮ ይሄን ሁሉ አይቶ ጠግቧል፣ ገና ሰውዬው ከኤርፖርት ሲወጣ "አሃ መንትያው ነው" ብሎ ኮሜንት ላይ ይጽፍልሻል። እኔ ራሴ ቻናል ላይ እንዲህ አይነት ታሪክ ከነተከታዩ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ከዛ በፊት ግን ለረጅም ጊዜ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ስራዬ የውርስ ክርክር ማመልከቻ መታይፕ ነበር፣ እና እዛ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር እኛ ሀገር ሚስጥር በሽጉጥና በመርዝ ሳይሆን በወረቀት እንደሚወጣ ነው። ሰውዬው ይሞታል፣ ለቅሶው ያልፋል፣ አርባው ሳይወጣ ልጆቹ ባንክ ይሄዳሉ፣ ባንኩ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጡ ይላል፣ ፍርድ ቤቱ ልጅነታችሁን አስረዱ ይላል፣ ከዛ ካርታው በማን ስም ነው፣ ሊብሬው በማን ስም ነው፣ ሱቁ የማን ነው ሲባል አንዱ ወረቀት ሌላውን እየጎተተ ሰውዬው አርባ አመት ደብቆት የኖረው ነገር ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ክፍል ሁለትሽ እዚህ ጋ ነው ያለው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የሟች ልጆች ቢሮ መጥተው ማመልከቻ እየጻፍንላቸው እያለ አንዲት ሴትዮ እኔም ልጁ ነኝ ብላ ፍርድ ቤት ተቃዋሚ ሆና ገባች። የያዘችው የክርስትና ካርድና ዳሩ የተበላ ፎቶ ብቻ ነው። ልጆቹ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው መጡ፣ አጭበርባሪ ናት፣ የአባታችንን ስም አጠፋች፣ ሀብታም ሲሞት ልጅ ይበዛል፣ ያላሉት ነገር የለም። እናትየው ጥግ ላይ ነጠላቸውን አገልድመው ቁጭ ብለዋል፣ ቃል አይተነፍሱም። ጠበቃው "እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?" ሲላቸው ቀስ ብለው "ለፋሲካ ለፋሲካ ቅቤ የምልክላት እኔ ነበርኩ" አሉ። እኔ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጆቹ ደግሞ ሴትዮዋን ትተው እናታቸው ላይ ዞሩ።

አየሽ፣ ሚስጥሩን የጠበቀችው ሚስት ናት። እንዴት ልትናገር ደፈረች የሚለውን ያኔ ጠበቃው ካስረዳኝ በኋላ ነው ነገሩ ይበልጥ የገረመኝ። በኛ ህግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ ኑዛዜ ካልተወላት በቀር። በትዳር ውስጥ ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹን የራሷ ስለሆነ ትወስዳለች፣ የሟች ግማሽ (የግል ንብረት ካለውም ተጨምሮ) ለልጆች እኩል ይካፈላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ቢሆን እኩል ነው፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ራሱ በውርስ አይለይም፣ የ1987ቱ ህገ መንግስትም ደግሞታል። ስለዚህ አራተኛ ልጅ ብትመጣ የሚቀንሰው የልጆቹ ድርሻ እንጂ የእናትየው አይደለም። በይ አሁን ይሄን ወስደሽ አንቺ ታሪክ ውስጥ አስገቢው፣ እናት ብትናገር በገንዘብ ምንም አታጣም፣ ልጆቿን ግን ታጣለች፣ ዝም ብትል ልጆቿ ይወዷታል፣ የነፍስ አባቷ ፊት ግን ምን ትላለች? ይሄንን ጥያቄ ለብቻው አስር ኤፒሶድ ታስኬጂበታለሽ፣ መንትያ አያስፈልግሽም። ልጅነት ደግሞ የግድ በዲኤንኤ ብቻ አይደለም የሚረጋገጠው፣ አባት እንደ ልጁ ሲይዛት ነበር ወይ፣ ሰፈሩ ዘመዱ ልጁ ናት ብሎ ያውቃታል ወይ የሚለውም በምስክር ይታያል። ዲኤንኤ አንድ መስመር ላይ ያልቅብሻል፣ ምስክር ግን ሰው ነው፣ ይፈራል፣ ይዋሻል፣ ያለቅሳል፣ ይጣላል።

ኑዛዜውን በተመለከተ፣ ክፍል አንድ ላይ "ጋሼ ኑዛዜ ትተዋል" ብለሽ አልፈሻል፣ ምን አይነት እንደሆነ አልተናገርሽም፣ ይሄ ለአንቺ ሀብት ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡና ቀኑ ይጻፋል፣ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ (ዳኛ ወይም አዋዋይ፣ ማለት ውል የሚያረጋግጠው ሹም፣ በስራው ላይ ሆኖ ከመሰከረ ሁለት ምስክር ይበቃል)። ሰውዬው ብቻውን በእጁ የጻፈው ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሱ እጅ ጽሁፍ መሆን አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን መናገር አለበት፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋል፣ እና ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር፣ በተጻፈ በ7 አመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። እንግዲህ ጋሼ በ2004 ጽፈው ካዝና ውስጥ ቆልፈው፣ በ2013 ቢሞቱስ? ትልቁ ልጅ ኑዛዜውን አግኝቶ ሱቁ የኔ ነው ብሎ ሲፎክር ሰንብቶ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ሲባል የሚሆነውን አስቢው። ወይ ደግሞ ካዝናውን ቀድማ የከፈተችው ሌላ ሰው ናት፣ አንዷን ገጽ ወስዳለች። ልጅን ከውርስ መንቀልም ቢሆን እንዲሁ በኩርፊያ አይሆንም፣ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም መጻፍ አለበት። አባት ልጁን የነቀለበትን ምክንያት በእጁ ጽሁፍ ማንበብ ከየትኛውም መርዝ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሱቁን ነገር። እንዲህ ያለ ሀብታም ነጋዴ እስከ አሁን በንግድ ፈቃድ ብቻ አይሰራም፣ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) አለው። በድሮው የንግድ ህግ ፒኤልሲ ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፣ ብቻህን አትችልም (በ2013 የወጣው አዲሱ ህግ ነው የአንድ ሰው ኩባንያ የፈቀደው)፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ሚስቱን፣ ወንድሙን፣ አንዳንዱም የሚያምነውን ሰራተኛ ለፎርማሊቲ ብሎ ትንሽ ድርሻ ሰጥቶ ያስገባ ነበር። ያ ለፎርማሊቲ የገባ ሰው ጋሼ ሲሞቱ ለፎርማሊቲ አይሆንም! ወረቀቱ ላይ ባለድርሻ ነው፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ፊርማው ይፈለጋል። ክፍል አንድ ላይ ያቺ የሂሳብ ሰራተኛ ነበረችሽ አይደል፣ ጋሼ ሲስቁ የምናያቸው ከሷ ጋር ብቻ የነበረችው። አንባቢ ውሽማ ናት ብሎ እየጠረጠረ ነው፣ አንቺ ግን ባለድርሻ አርጊያትና ጉዳቸውን እይ።

የወንድማማቾቹን ፉክክር በተመለከተ አንድ ምክር፣ ክፍል አንድ ላይ የተጣሉበትን ነገር ክፍል ሁለት ላይ አትድገሚው። እስቲ የህንዶቹን የአምባኒዎችን ታሪክ እይ። አባትየው ዲሩባይ ከኤደን ተቀጣሪነት ተነስቶ ሪላያንስን የሚያህል ኩባንያ ሰራ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኑዛዜ ሳይተው ሞተ። ሙኬሽና አኒል በአደባባይ ተጣሉ፣ በ2005 እናታቸው ኮኪላቤን መሃል ገብተው ድርጅቱ ተከፈለ፣ ዘይቱና ማጣሪያው ለትልቁ፣ ቴሌኮሙና መብራት ሀይሉ ለትንሹ። አለቀ ሲባል በጋዝ ዋጋ ተካሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ከዛ በ2016 ትልቁ ጂዮ ብሎ የራሱን ቴሌኮም ከፈተ፣ ያውም በታናሹ የስራ መስመር፣ ገበያውን በርካሽ ኢንተርኔት ጠረገው፣ የአኒል ኩባንያ ወደቀ። በ2019 አኒል የኤሪክሰንን እዳ በአራት ሳምንት ካልከፈለ ሶስት ወር እንዲታሰር ፍርድ ቤት ወሰነበት፣ እና ማን ከፈለለት? ሙኬሽ። አኒልም ወንድሙንና የወንድሙን ሚስት በአደባባይ አመሰገነ። ክፍል ሁለት ማለት ይሄ ነው። መሸናነፉን ማንም ይጽፈዋል፣ ያሸነፈህ ሰው እዳህን ሲከፍልልህ "እግዜር ይስጥልኝ" የምትልበትን ሲን ግን የሚጽፈው ጥቂት ነው። መሃለኛውን ልጅሽን እዛ ድረስ ውሰጂው።

ድሮ የተቀበረውን ነገር ከዘመኑ ጋር አገናኚው፣ በደፈናው "ድሮ" አትበይ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው የተተወለት፣ ሌላው ወይ ቀበሌ ወይ ኪራይ ቤቶች ገባ። የጋሼ አባት ሁለት ቤት ነበራቸው እንበል፣ አንዱን ለማዳን በእህታቸው ስም አደረጉት፣ እህትየው ኖራ ሞተች፣ አሁን የእህትየው ልጆች ካርታ ይዘው ቆመዋል፣ አደራ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ይረሳል። ወይ ደግሞ መስከረም 2013 ብር ሲቀየር፣ 200 ብር የወጣ ጊዜ፣ አሮጌውን ለመለወጥ ሶስት ወር ብቻ ነው የተሰጠው፣ ጋሼ አልጋ ላይ ናቸው፣ ብር የት እንደቀበሩ ለአንዱ ልጅ ብቻ መንገር አለባቸው። ለማን ይናገራሉ? ይሄ ሲን መጻፍ አለበት፣ ካልጻፍሽው እኔ እጽፈዋለሁ ብዬሻለሁ 😄

አሜሪካ ያለችውን ልጅ ዶላር ላኪ ብቻ አታድርጊያት፣ ሰልችቶናል። ውክልና ስጫት። ኤምባሲ ሄዳ ለትልቁ ወንድሟ ውክልና ትልካለች፣ በሷ ውክልና ድርሻዋን ይሸጣል። ወይ ከዚህ የባሰው፣ ልጁ በአባቱ ውክልና አባቱ ከሞቱ በኋላ ቤት ሸጦ ተገኘ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል እኮ፣ ስለዚህ ሽያጩ የተፈረመው ጠዋት ነው ከሰአት፣ ጋሼ ያረፉት ስንት ሰአት ነው የሚለው ትልቅ ክርክር ይሆናል። ለቅሶው ማታ የተነገረው ለምንድነው? ማነው ያዘገየው?

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም፣ አንቺ ቋንቋሽ ጥሩ ነው፣ ለቅሶ ቤቱን የጻፍሽበት በተለይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የሟችን ሀብት የሚቆጥሩት ጎረቤቶች ልክ እኛ ሰፈር ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ ከመጀመርሽ በፊት ማን ምን እንደሚያውቅና ለምን እንደደበቀ በደብተር ጻፊው። ሚስጥር ጠባቂ ያለ ምክንያት ዝም ካለ አንባቢ "ለምን ያኔ አልተናገረችም" ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅሽና ታሪኩ ይፈርሳል፣ እኔ ቻናል ላይ በዚህ አንባቢዎቼ አፋጥጠውኛል፣ ግን ደብተሩ ስለነበረኝ መልስ ነበረኝ።

ደግሞ በኮሜንት አትመሪ። አንባቢ ትልቁን ልጅ ግደይልን ይልሻል፣ ብትገድይው ደግሞ በሳምንቱ "ለምን ገደልሽው" ይልሻል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ፖስት አርጊ፣ ቀን አስታውቂ፣ አምስት ስድስት ኤፒሶድ ቀድመሽ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል፣ ልጅ ሊታመም ይችላል።

ህጉን በሚመለከት ፍርድ ቤት ሲን ስትጽፊ የሚያጠራጥርሽ ካለ ኢንቦክስ አርጊልኝ፣ የማመልከቻ አጻጻፍ ፎርሙን ራሱ እልክልሻለሁ፣ "አመልካች" እና "ተጠሪ" የሚለውን ካላምታታሽ አንባቢ ጠበቃ እንኳን ቢሆን ያምንሻል። እና ያቺ የሂሳብ ሰራተኛ ስንት በመቶ እንደምትይዝ ወስነሽ ንገሪኝ፣ እኔ እንኳን ከ10 በታች አርጊው ባይ ነኝ።