«በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጃፓንኛ የምማረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ እኛም እንለዋለን። ታዲያ የአማርኛ ፈሊጦችን ቃል በቃል ወደ ጃፓንኛ ብመልስ ያስኬዳል?

መልስ፦ በዚህኛው ያስኬዳል፣ በሌላው ግን አይመኑት። ጃፓኖች «ኢሴኪ ኒቾ»ን (አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ወፍ) ያገኙት ከእንግሊዝኛ ተርጉመው ነው። በአራት የቻይና ፊደል ስለሚጻፍ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ ከቻይና የወረሱት «ኢክዮ ርዮቶኩ»ን ነው፤ በአንድ ሥራ ሁለት ትርፍ ማለት ነው። ተማሪ የሚሳሳተው «እግረ መንገድ»ን በ«ኢሴኪ ኒቾ» ሲተረጉም ነው። «ገበያ ስትሄድ እግረ መንገዷን አክስቷን ጠየቀች» ስንል ዋናው ጉዳይ ገበያው ነው፣ አክስት ጥየቃው ተደራቢ ነው። ለዚህ ጃፓንኛው «ጹይዴ ኒ» ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣውም ያሳስታል። «ሜ ካራ ኡሮኮ ጋ ኦቺሩ»፣ ማለትም «ከዓይን ቅርፊት ወደቀ»፣ ከሐዋርያት ሥራ 9፥18 የተወሰደ ነው። ክርስቲያኑ ከ100 አንድ ገደማ በሆነበት አገር የዕለት ተዕለት ንግግር ሆኗል፤ ድንገት ነገሩ ሲገባቸው ይሉታል። እኛ የሳውል (የጳውሎስ) ዓይን የበራበትን ታሪክ ከልጅነት እየሰማን ፈሊጥ አላደረግነውም፣ «ዓይኔ በራ» ነው የምንለው። ይህ በጣም ይገርመኛል።

ከሁሉ የሚከፋው የሰውነት ክፍል ነው። «ሃራ» ሆድ ነው፤ ግን «ሃራ ጋ ታጹ» (ሆድ ቆመ) ቁጣ እንጂ እንደ «ሆድ ባሰኝ» ኀዘን አይደለም። «ፉቶፓራ» (ወፍራም ሆድ) የሚባለው በተለይ እጁ የማይሰስት ለጋስ ነው፤ የእኛ «ሆደ ሰፊ» ግን ነገር የሚችል ታጋሽ ነው። «አሺ ኦ አራው» (እግር ታጠበ) ደግሞ ከመጥፎ ሥራ ወጣ ማለት ነው። እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ ከምንለው ጋር ካምታቱት፣ ወንጀል የተወውን ሰው ከኃላፊነት የሸሸ ያደርጉታል።

ስለዚህ አዲስ ፈሊጥ ሲመዘግቡ ፍቺውን ብቻ አይጻፉ። ስለ ማን እንደሚባል፣ ለሙገሳ ይሁን ለወቀሳ፣ ከአንድ ሙሉ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ጋር ያስፍሩ። የአማርኛውን አቻ ከዚያ በኋላ ይፈልጉ፤ አስቀድመው ከጻፉት ጃፓንኛውን ወደራሱ ይጎትትብዎታል።