ካላቲያ ወይስ ጎፐርቲያ?

«ካላቲያ ኦርቢፎሊያ ብዬ የገዛሁትን ተክል አንዱ ጎፐርቲያ ነው አለኝ፣ ተሸወድኩ እንዴ? ከማራንታ ጋርስ አንድ ነው?» ላልሽው፣ አልተሸወድሽም። ተክሉ ያው ነው፣ ስሙ ነው የተቀየረው።

ሦስቱም ማራንታሲኤ የሚባል ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ወደ 30 ወገን (ጂነስ፣ የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) እና 550 ገደማ ዝርያ ያለው የሞቃት አገር ቤተሰብ ነው። ካላቲያ ከወገኖቹ ሁሉ ትልቁ ነበር። የዘረመል ጥናት ሲመጣ ግን በዚህ ስም ከታጨቁት ዕፅዋት ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከሌላ ወገን ጋር እንደሚቀራረቡ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 250 የሚሆኑት ተነጥለው ጎፐርቲያ ተባሉ። ስሙ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኔስ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1831 ለሌላው ተመራማሪ ለጎፐርት ክብር አውጥቶት በኋላ ከካላቲያ ጋር ተደባልቆ የቀረ ስም ነው። በስም አወጣጥ ሕጉ ቀድሞ በአግባቡ የወጣ ስም ካለ አዲስ አይፈጠርም።

ቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው አብዛኞቹ፣ ኦርቢፎሊያ፣ ማኮያና፣ ዜብሪና፣ ኦርናታ፣ ሮዚዮፒክታ፣ ወደ ጎፐርቲያ ሄደዋል። ሉቲያና ክሮታሊፌራ ካላቲያ ሆነው ቀርተዋል። ልብ በይ፣ የስሙ ሁለተኛ ቃል፣ ለምሳሌ ኦርቢፎሊያ የሚለው፣ አልተነካም። የኦርቢፎሊያን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ስታዪ ሊንደን የሚል የሰው ስም በቅንፍ ይገባል፤ መጀመሪያ ስሙን ያወጣው እሱ ነው፤ ከቅንፉ ውጭ ያሉት ሰዎች ደግሞ ወደ ጎፐርቲያ ያዛወሩት ናቸው። እኔ ይህን ቅንፍ ሳይ ተክሉ ስም ቀይሮ እንደሚያውቅ ወዲያው ይገባኛል።

ማራንታ ግን ሌላ ወገን ነው፣ የሳይንሳዊ ስም አሰጣጥን የመሠረተው ሊኒየስ ራሱ በ1753 ያስመዘገበው። የቤት ማራንታ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ ኦርቢፎሊያ ደግሞ ከሥሩ ተሰብስቦ ቀጥ ይላል።

ዘመዳሞች መሆናቸውን በጣትሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። የቅጠሉን ዘንግ ይዘሽ ወደ ላይ ሂጂ። ቅጠሉ ከመጀመሩ በፊት ጠንከር፣ እብጥ ያለች አንጓ ታገኛለሽ፤ ማታ ቅጠሉን የምታነሳው ጠዋት የምትመልሰው እሷ ናት። እኔ ስም ያልተጻፈበት ተክል ሲገጥመኝ ከቀለሙ በፊት የማየው ይህችን ነው፣ ምክንያቱም የቅጠል ቀለም አታላይ ነው። አበባ ካወጣልሽ ደግሞ አትለፊው። መሃሉ ላይ እንደ ወጥመድ የተወጠረ ክፍል አለ፤ ነፍሳት ሲነኩት ይፈናጠርና የአበባ ዱቄቱን ይለዋወጣል። አንዴ ከተፈናጠረ ግን አለቀ፣ አይመለስም።

እንክብካቤው በስሙ ምክንያት አይቀየርም። ቀጥተኛ ፀሐይ አታሳዪው፣ አፈሩ ጭልጥ ብሎ አይድረቅ፣ ጠርዙ ካረረ መጀመሪያ ደረቅ አየርንና የቧንቧ ውሃ ጨውን ጠርጥሪ። መረጃ ስትፈልጊ በሁለቱም ስም ፈልጊ፣ ሻጮች አሁንም ካላቲያ ነው የሚሉት። ሌላ ተክል አጠራጥሮሽ ፎቶ ከለጠፍሽ ግን ቅጠሉን ብቻ አታንሺ፣ አንጓዋም ትታይ።